ጉልበት ለሚያማቸው እናቶችስ?

በአውሮፕላን አዘውትሮ የሚበር ደንበኛ እግር መዘርጊያ ያለውን ወንበር ቀድሞ ያገኛል የሚለውን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ይገባዋል፣ አልቃወምም። ግን አምና እናቴን ወደ ዋሽንግተን ስንሸኝ ተቸግረናል። ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር እንኳ ሁለቴ መኪና አስቁመን እግሯን አፍታትታለች። የአደጋ ጊዜ መውጫው አጠገብ ሰፊ ቦታ አለ፤ እዚያ የሚቀመጥ ግን በሩን መክፈት የሚችል መሆን አለበት፣ ደንቡም ልክ ነው። የፊተኛው ረድፍ የሕፃናት አልጋ የሚሰቀልበት ነው፤ አራስ ልጅ ይዛ የመጣች ትቀድማለች። ታዲያ ከእነዚህ ውጪ ካሉት ሰፋፊ ወንበሮች ጥቂቱ ለታመመ አዛውንት ቢቆይ ምን አለበት? በኋላ ወንድሜ በመብረር ያጠራቀመውን ማይል፣ ማለትም የአየር መንገዱን የደንበኛ ነጥብ፣ አውጥቶ ወንበሩ ሰፊ የሆነው ቢዝነስ ክፍል አስገባት። ስትደርስ ደውላ "እግሬን እንደ ቤቴ መደብ ዘርግቼ መጣሁ" አለችኝ።