አራት ሲም ለአንድ ሱቅ

ናይሮቢ ቅርንጫፍ ለመክፈት የሚያስብ አንድ ወዳጄ የሁለቱን ከተሞች ወጪ በኤክሴል አስፍሮ አሳየኝ። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝ፣ ስልክ። በስልኩ ረድፍ አዲስ አበባ በሰፊው ትረክሳለች። «እዚህ ላይ እንኳ በለጥናቸው» አለ እየሳቀ። እኔ ግን ሂሳቡ አልተዋጠልኝም።

ሰንጠረዡ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። በወር 1,000 ብር የስልክ ሂሳብ የሚከፍል ነጋዴ ወጪው ከ17 ዶላር ተኩል ወደ 10 ዶላር ግድም ወረደ ማለት ነው፤ ያውም ቴሌ ታሪፉን ሳይነካ። ሰውዬው የሚሸጠው በብር፣ የሚከፍለው በብር። ምን ረከሰለት?

ደቂቃው ርካሽ መሆኑን አልክድም። ቴሌ ነሐሴ 2010 የሞባይል ጥሪን በ40 በመቶ ሲቀንስ ተፎካካሪ እንኳ አልነበረውም፤ ሳፋሪኮም እዚህ ሥራ የጀመረው በ2015 መጀመሪያ ነው። ኬንያ ዋጋው የወረደው በግፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንዱ ኩባንያ የሌላውን ጥሪ ሲቀበል የሚያስከፍለውን በደቂቃ ከ4.42 ሽልንግ ወደ 2.21 ቆረጠው፤ ኩባንያዎቹም በዋጋ ይፋጁ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2024 ክፍያው 0.41 ሽልንግ ደርሷል። ያም ሆኖ የኬንያ መንግሥት በጥሪው ላይ 15 በመቶ ኤክሳይስና 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደርብበታል።

ይህ ሁሉ ግን የደቂቃ ወሬ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የማውቀው ሰው አለ። ማስታወቂያው ላይ አራት ቁጥር ተጽፏል፦ የእሱ፣ የወንድሙ፣ የሁለት ሻጮች። አንዱ ሲያዝ ደንበኛው ሌላውን ይሞክራል፤ ሒሳብ የሌለው ሚስኮል ያደርግና ሱቁ መልሶ ይደውላል። አንዷ ሻጭ ሥራ ስትለቅ ሲሙ በስሟ ስለነበር ይዛው ሄደች። ሁለት በር አልፋ ተቀጠረች። የለመዷት ጋራዦች አሁንም ይደውሉላታል፣ እሷም ታነሳለች። «ምን ላድርጋት፣ ቁጥሩ የእሷ ነው» ይላል። ሲሙን በድርጅቱ ስም ማውጣት ነበረበት ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ሱቅ ሲከፈት ግን ማን ያስበዋል?

አንድ ቁጥር ኖሮት አራቱም ቀፎ ላይ ቢጮህ ይህ አይደርስም ነበር። ናይሮቢ ይህን በኢንተርኔት በኩል በወር ክፍያ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ፤ ጥሪ የሚያከፋፍል የስልክ ማዞሪያ መግዛት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት መስጠትን ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። መንግሥት ስካይፕ የሚጠቀመውን ሰው አይመለከትም ብሎ አስረድቷል። ነገሩ ግን የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ሱቅ ለማገልገል ያሰበውን ወጣት ነው፤ እስር ቤት ከሚገባ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። ዛሬ ኦፕሬተሮቹ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚያቀርቡት ይኖራል፤ ሶማሌ ተራ ድረስ ሲወርድ ግን አላየሁም። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ቴሌና ሳፋሪኮም የሚያስከፍሉትን ከማየት ጎን ለጎን ሦስተኛ ወገን ይህን አገልግሎት በሕጋዊ መንገድ ለትናንሽ ነጋዴዎች እንዲቸረችር በሩን ወለል አድርጎ ቢከፍት ከሌላ የታሪፍ ቅናሽ ይልቅ ይጠቅም ነበር።

ወዳጄን «ያመለጠ ደንበኛ» የሚል ረድፍ ጨምርበት አልኩት። በምን ልሙላው አለኝ። የሶማሌ ተራውን ሰውዬ ስንት ደንበኛ እንዳመለጠው ደውዬ ጠየቅሁት፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ አነሳ። «ሰባት ጋራዥ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሁለቱ ተመልሰዋል» አለ።