ሳይንስ ስላቃተው አይደለም የማምነው

ግዙፎቹን ፕላኔቶች እግዚአብሔር ፈጠራቸው ብዬ አምናለሁ። ጁፒተርን፣ ሳተርንን፣ ዩራኑስንና ኔፕቲዩንን። ይህን የማምነው ግን ሳይንቲስቶች አፈጣጠራቸውን ማስረዳት ስላቃታቸው አይደለም። ሰሞኑን በእኛ በምእመናን መካከል የሚዞረው ክርክር ግን ይህንኑ ነው የሚለው፦ አቃታቸው፣ ስለዚህ ፈጣሪ አለ።

አራት ኪሎ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች ይህንኑ የሚል ቀጭን ጽሑፍ ገዛሁ። ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ጁፒተር ቀለም በዝቶበት ታላቁ ቀይ ነጥብ ጥቁር ሆኗል። «ጋሼ ይውሰዱት፣ ሳይንስን አፉን ያስዘጋል» አለኝ ሻጩ።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ውሸት ቢሆን ባልከፋኝ። ግማሹ እውነት ነው። ጁፒተር ብቻውን ምድርን 318 ጊዜ ይመዝናል። ሌሎቹ ፕላኔቶች ሁሉ ተደምረው ግማሹን እንኳ አይሞሉም። የተለመደው የሳይንስ ማብራሪያ እንዲህ ይሄዳል፦ ፀሐይ ገና ጀማሪ ሳለች በዙሪያዋ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የጋዝና የአቧራ ክምችት ነበር። መጀመሪያ ከድንጋይና ከበረዶ የምድርን አሥር እጥፍ ገደማ የሚመዝን እምብርት ይጠራቀማል። ከዚያ በስበቱ ጋዙን ወደ ራሱ ይስባል።

ችግሩ ጊዜ ነው። በሌሎች ወጣት ኮከቦች ዙሪያ የሚታየው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በንኖ ያልቃል። በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተሠሩ ስሌቶች ደግሞ ለጁፒተር ብቻ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ጠየቁ። ዩራኑስና ኔፕቲዩንማ ባሰባቸው። ያሉት ከፀሐይ እጅግ ርቀው፣ ቁሱ በሳሳበት፣ ሁሉም ነገር በሚንቀረፈፍበት ቦታ ነው።

በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ ስዊዘርላንዳውያን ሌላ ራስ ምታት ጨመሩ። 51 ፔጋሲ የተባለችውን ኮከብ የምትዞር ፕላኔት አገኙ። የጁፒተርን ግማሽ ያህል ትመዝናለች፤ ኮከቧን ግን በአራት ቀን ከጥቂት ሰዓት ዞራ ትጨርሳለች። እንዲያ ያለ ግዙፍ ነገር እሳቱ አጠገብ ምን ይሠራል? ብዙዎቹ ሩቅ ተሠርታ ወደ ውስጥ ተጠጋች ይላሉ። ሁለቱ ሰዎች በ2019 ኖቤል ተሸለሙ።

ጽሑፉ እዚህ ጋ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አይነግረንም። ካለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ወዲህ በጋዙ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጠጠሮች እምብርቱን በፍጥነት ሊያሳድጉት እንደሚችሉ በስሌት ታይቷል። በ2018 ፒዲኤስ 70 በተባለች ወጣት ኮከብ ዙሪያ፣ ገና ጋዝ እየሰበሰበ ያለ ግዙፍ ፕላኔት ፎቶ ተነሣ። በ2016 ጁፒተር የደረሰችው ጁኖ መንኮራኩር ደግሞ እምብርቱ እንደተገመተው ድብልብል ሳይሆን የተበታተነ መሆኑን ጠቆመች። አንዱ ነገሩን አቀለለው፣ ሌላው አወሳሰበው። ዩራኑስና ኔፕቲዩን ዛሬም እንዳከራከሩ ናቸው።

ታዲያ በ1990ዎቹ «ጊዜው አይበቃም» ብሎ ፈጣሪን እዚያች ክፍተት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ምን ሊል ነው? ክፍተቷ ስትጠብ አምላኩም አብሮ ሊጠብ ነው?

አባቶቻችን በዚህ መንገድ አልሄዱም። ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ 22 ፍጥረታት ብለው ይቆጥራሉ፤ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን የረቡዕ ያደርጓቸዋል። ለዚህ የማንንም አለማወቅ ምስክር አልጠሩም። ዘፍጥረትም ሁለቱን ታላላቅ ብርሃናት ካነሣ በኋላ «ከዋክብትንም ደግሞ አደረገ» ብሎ ያልፋል። ያን ሁሉ ጉድ በሦስት ቃል! ሊያሳምነን የተጨነቀ አይመስልም።

ከሁሉ በላይ ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ሳይንቲስትን አይጨምርም ያለ ማን ነው? ተመራማሪው በሐቀኝነት «ይህን ገና አላወቅንም» ብሎ ይጽፋል። እኛ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቆርጠን «ተሸነፉ» ብለን እንሸጣለን። ሃይማኖትን በዚህ መጠበቅ አይቻልም። በሌላ በኩል ጁፒተር ሲሠራ በዓይኑ ያየ ይመስል የሚያስተምር፣ በዚያውም ፈጣሪን የሚያሰናብት መምህር አይጠፋም። ያ መደምደሚያም በቴሌስኮፕ የታየ አይደለም።

በነገራችን ላይ ከግዙፎቹ ፕላኔቶች አንዷ የእኛን ስም ይዛለች። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል አለቻት። አቦል ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ ትመዝናለች። ቶናና በረካው ገና አልተቀዳም።

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ አራት ኪሎ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። በአካባቢው ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከፊዚክስ መምህራኑ አንዱን እሑድ ከሰዓት ቢጋብዙስ? ለመርታት ሳይሆን ለመጠየቅ። ወጣቶቹ ከመንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ የሚለቅሙትን ከባለሙያው አፍ ይሰሙታል፤ እሱም እኛ የምናምነውን ከእኛው ይሰማል። የእኔ ጥያቄ ተዘጋጅቷል፦ ዩራኑስ 98 ዲግሪ ያህል ተጋድማ የምትዞረው ምን አግኝቷት ነው? ግዙፍ አካል ገጭቷት ይሆናል የሚል አንብቤያለሁ፤ ሌላ መልስ ካለ ግን መስማት እፈልጋለሁ።