ባሕር ባይኖረንም ጣና አለን

ብርቅ የሆኑ ስደተኛ ወፎችን በባሕር ዳርቻ ስለመፈለግ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን እኛ ባሕር የለንም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር።

እኔ ጎንደሬ ነኝ። ከከተማችን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ጎርጎራ ስትደርሱ ጣናን ታገኙታላችሁ። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጣው ግራጫው ክሬን የተባለው ባለ ረጅም እግር ወፍ በጋውን የሚያሳልፈው በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ነው። ፊንላንድ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ ታስሮላቸው ኢትዮጵያ ድረስ የበረሩ አሉ። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው! ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ቀን ቀን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ከታጨደው ማሳ የወዳደቀ ፍሬ ይለቅማሉ። ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወይም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዳርቻው ላይ ሁኑ። ድምፃቸው እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። ዓሣ አዳኙ ግራጫ ሽመላ (ሄሮን) ሲበር አንገቱን ያጥፋል፤ ክሬን ግን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል። በዚህ ትለዩታላችሁ።

እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አታስነሷቸው። ገበሬውን ሳታስፈቅዱም ማሳው ውስጥ አትግቡ። የእምቦጭ አረም ዳርቻውን መውረሩ በጣም ያሳስበኛል፤ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ እሱን ብታነሱት ደስ ይለኛል።