የቆጡን ሊያወርድ የብብቱን የጣለ ፓርቲ

ኖቬምበር 17 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያው የመሐል ግራ ገዥ ፓርቲ የሌበር ሰው የሆኑት የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሻባና ማህሙድ ፓርላማ ቀርበው መንግሥታቸው በጥገኝነት ጉዳይ ያሰበውን ዘረዘሩ። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የሚያገኘው ከለላ ጊዜያዊ ይሆናል፤ በየሁለት ዓመት ተኩሉም ይመረመራል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ እስካሁን 5 ዓመት ይበቃ የነበረው ወደ 20 ዓመት ይረዝማል። ሐሳቡ ከየት እንደተቀዳ ማንም አልደበቀም፤ ከዴንማርክ ነው። ስደተኛን አጥብቆ የሚቃወመው የቀኙ ፓርቲ የሪፎርም ዩኬ መሪ ናይጄል ፋራጅ ሚኒስትሯ የሪፎርም ደጋፊ ይመስላሉ ሲሉ ተሳለቁ።

በማግስቱ ዴንማርኮች የአካባቢ ምርጫ ነበራቸው። ኮፐንሃገንን ከመቶ ዓመት በላይ የመራው የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ የከንቲባውን ወንበር አጣ። ወንበሩን የወሰደው ግን ስደተኛ ይውጣልን የሚል ቀኝ አክራሪ አይደለም፤ ከሶሻል ዴሞክራቶች በስተግራ የቆመው የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ ነው። ኮፐንሃገን በስደተኛ ጉዳይ ብቻ ድምፅ ሰጠች የሚል ካለ አላምነውም፤ የቤት ዋጋው ብቻ አንድ ከንቲባ ይጥላል። ቢሆንም ለንደን “ዴንማርክ ያደረገችውን እናድርግ” ባለች በነጋታው ዋናው ባለቤት በገዛ ዋና ከተማው ሲሸነፍ፣ የተቀዳው ነገር በደንብ ተነቦ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዴንማርክ ታሪክ ሲነገር እንዲህ ነው። በ2015 ምርጫ ፀረ ስደተኛው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ 21.1 በመቶ ድምፅና 37 መቀመጫ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ሜተ ፍሬደሪክሰን የሶሻል ዴሞክራቶችን መሪነት ያዙና ፓርቲያቸውን በስደተኛ ጉዳይ ወደ ቀኝ ወሰዱት። በ2019 የሕዝብ ፓርቲው ወደ 8.7 በመቶ ወረደ፤ በ2022 ደግሞ 2.6 በመቶ ብቻ ቀረው። ፍሬደሪክሰን ከ2019ኙ ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የአውሮፓ የመሐል ግራ ፓርቲዎች አማካሪዎች ይህን ታሪክ እንደ ገድል ይደጋግሙታል።

ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ሶሻል ዴሞክራቶች በ2015 ያገኙት ድምፅ 26.3 በመቶ ነበር፤ ወደ ቀኝ ዞረው “ድል ባደረጉበት” በ2019 ያገኙት 25.9 ነው። ድምፃቸው በጥቂቱም ቢሆን ቀንሷል! መቀመጫቸው ከ47 ወደ 48 አለ። ታዲያ ሥልጣኑ ከየት መጣ? ከጎናቸው ካሉት ፓርቲዎች ነው። በስደተኛ ጉዳይ ለዘብ የሚለው ራዲካል ሊበራል ፓርቲ ከ8 ወደ 16፣ የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲው ከ7 ወደ 14 መቀመጫ አደጉ፤ ሁለቱም እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። የሕዝብ ፓርቲው ካጣው ድምፅ ደግሞ ብዙው ወደ ቀኝ ዘመሙ ቬንስትረ እንደሄደ መገመት አይከብድም፤ በዚያው ምርጫ የቬንስትረ መቀመጫ ከ34 ወደ 43 ከፍ ብሏል።

በ2022 ሶሻል ዴሞክራቶች 27.5 በመቶ ማግኘታቸው አይካድም፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያላዩት ውጤት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የሕዝብ ፓርቲው ሲከስም የቀድሞዋ የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ኢንገር ስቶይበርግ አዲስ ያቋቋሙት ፓርቲ 8.1 በመቶ ወሰደ፤ ኒው ራይት የተባለው ሌላ አክራሪ ደግሞ 3.7። ሦስቱን ብትደምሯቸው በ2019 ከነበረው የአክራሪ ቀኝ ድምፅ ይበልጣል። ምርቱ ያው ነው፤ የሱቁ ስም ተቀየረ እንጂ።

እዚህ ላይ ነው የምርጫ ሥርዓት ጉዳይ የሚመጣው፤ ስለዚህ ነገር የለንደን አማካሪዎች ለምን ዝም እንደሚሉ አይገባኝም። ዴንማርክ የተመጣጣኝ ውክልና ሀገር ናት። ፍሬደሪክሰን ያስቀየሙት ተራማጅ መራጭ ወደ ጎረቤት ፓርቲ ቢሄድም ድምፁ እዚያው ጎራ ውስጥ ይቆያል፤ ምርጫው ሲያልቅ እርሳቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ለማድረግ ይቆጠራል። ብሪታንያ ግን እንደ እኛ ሀገር በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው የምትመርጠው፤ በአንድ የምርጫ ክልል አንደኛ የወጣ ሁሉን ይወስዳል፣ የቀረው ድምፅ ይፈሳል። ከሌበር በስተግራ ወዳለው የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲ ወደ ግሪን ፓርቲ የሄደ መራጭ ለሌበር በምንም መንገድ አይመለስለትም፤ ይልቁንም ሪፎርም በትንሽ ድምፅ እንዲያልፍ በር ይከፍታል። ራንኮርን በተባለው የእንግሊዝ የምርጫ ክልል በሜይ 2025 ሪፎርም ከሌበር የነጠቀው መቀመጫ ልዩነቱ 6 ድምፅ ነበር። ስድስት ሰው!

ሌበር በ2024 በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ሪፎርም ሁለተኛ የወጣባቸው የሌበር ክልሎች 89 ነበሩ። የፓርቲው ስልት ነዳፊዎች ዓይን ከእነዚያ 89 ክልሎች አልተነቀለም። ግሪን ፓርቲ ሁለተኛ የወጣባቸው 40 ክልሎችም ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሌበር ናቸው። ስለነዚህኛዎቹ የተጨነቀ ሰው እንደነበር አላውቅም፤ የት ይሄዳሉ ተብለው የተናቁ መራጮች ናቸው። የብብት የሚባለው ይኸው ነው።

ኬርፊሊ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዌልስ ያለው ይህ ክልል ለመቶ ዓመት ሌበርን ሲመርጥ የኖረ ነው። በኦክቶበር 2025 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ሌበር 11 በመቶ ብቻ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ሪፎርም ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ መራጩ ተሰብስቦ ፕላይድ ከምሩ የተባለውን የዌልስ ብሔርተኛ የግራ ፓርቲ በ47 በመቶ መረጠ። ሪፎርምን ማስቆም የፈለገ ሰው ሪፎርምን ወደሚመስለው ፓርቲ አልሄደም።

ከዴንማርክ ያልተቀዳውስ? ፍሬደሪክሰን በ2019 ስለ ስደተኛ ብቻ አልነበረም የቀሰቀሱት። አርነ የሚባል የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ በቅስቀሳ ምስላቸው ላይ አወጡና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉልበቱን ያፈሰሰ ሰው ቀድሞ ጡረታ ይውጣ አሉ፤ ሥልጣን ሲይዙ ሕጉን አጸደቁት፣ ዛሬም “የአርነ ጡረታ” ይባላል። በኢኮኖሚው ወደ ግራ፣ በስደተኛው ወደ ቀኝ ነበር የሄዱት። ሌበር በበኩሉ ሥልጣን በያዘ በወሩ የክረምት ማሞቂያ ድጎማን ከ10 ሚሊዮን ያህል ጡረተኞች ላይ አነሣ። ኋላ አብዛኛውን መለሰ፤ ግን ቅሬታው ተሰምቶ አልቋል። የዴንማርክን ቅጣት ወስዶ የዴንማርክን ጡረታ መተው ምን የሚሉት ቅጂ ነው?

የጀርመኑን በአጭሩ ላንሣው። የክርስቲያን ዴሞክራቶች መሪ ፍሪድሪሽ ሜርስ በጃንዋሪ 2025 ኤኤፍዲ በተባለው ፀረ ስደተኛ አክራሪ ቀኝ ፓርቲ ድምፅ ታግዘው የድንበር ቁጥጥር ውሳኔ በምክር ቤቱ አሳለፉ፤ አንጌላ ሜርክል ሳይቀሩ ወቀሷቸው። ከወር በታች ውስጥ በተደረገው ምርጫ ኤኤፍዲ ከ10.4 ወደ 20.8 በመቶ እጥፍ ሆነ፤ ያልተጠበቀው የግራ ፓርቲ ደግሞ ወደ 8.8 በመቶ አሻቀበ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን በቅርብ የሚነካው የኤፒንግ ነገር ነው። በጁላይ 2025 ከለንደን ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ከተማ፣ በሆቴል የተጠለለ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በ14 ዓመት ልጅና በአንዲት ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸም ተከሰሰ፤ ጥፋተኛ ተብሎ 12 ወር ተፈረደበት። በኦክቶበር በስህተት ከእስር ተለቀቀ፣ በቀናት ውስጥ ተይዞ ወደ ሀገሩ ተላከ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ፍርዱም ተገቢ ነው፤ ልከላከለው አልመጣሁም። ነገር ግን አንድ ሰው ያጠፋው በሆቴሉ ደጃፍ በተደረገ ተቃውሞ የሀገሪቱ ሁሉ ጥያቄ ሆኖ ሲቆም መንግሥት የመረጠው ምን ነበር? “ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱን ግን እኛ የተሻለ እንሰጣለን” ማለትን። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ከዚያ በፊት በሜይ “የባይተዋሮች ደሴት” እንዳንሆን ብለው ተናግረው፣ በጁን ደግሞ ተጸጸትሁ ብለዋል። ንግግሩ ቀርቶ ፖሊሲው ግን ቀጠለ፤ በሴፕቴምበር ለአዲስ አመልካቾች የስደተኛ ቤተሰብ ማምጣት ታገደ። መራጩ ጠዋት ማታ ስለ ስደተኛ ብቻ ሲነገረው ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ያመነ ዕለት የሚሄደው ለዚሁ ጉዳይ ወደ ተቋቋመው ፓርቲ ነው። ታሪክ አቡ-ቻዲ የተባሉትን ምሁር የመሰሉ የምርጫ ተመራማሪዎች በምዕራብ አውሮፓ የዓመታት ውጤት ላይ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ አክራሪ ቀኙን መምሰል ድምፁን አይቀንስበትም።

የስደተኛው ሒሳብ ለአማካሪዎቹ ርካሽ የሚመስለው ስደተኛው ድምፅ ስለሌለው ነው። በአዲሱ ዕቅድ በ25 ዓመቱ የእንግሊዝ ወደብ ዶቨር የደረሰ ኤርትራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ ቋሚ ፈቃድ ለመጠየቅ 45 ዓመት ይሞላዋል፤ ለብሔራዊ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ደግሞ ከዚያም በኋላ ዜግነት ሲያገኝ ነው። ሆኖም በ1990ዎቹ መጥተው ዜግነት ያገኙ አጎቱና አክስቱ፣ እዚያው የተወለዱ የአክስቱ ልጆች፣ በለንደን ለዓመታት ሳይጠየቁ ሌበር ላይ ምልክት ያደረጉ ናቸው። የሚኖሩባቸው ክልሎች ብዙዎቹ ሪፎርም ሁለተኛ ከወጣባቸው ውስጥ አይደሉም።