የአማርኛ ድረ ገጾች የራሳቸው ጥለት ያስፈልጋቸዋል

አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ድረ ገጹን ሲያዘጋጅ ለዓመታት በበጎ ፈቃድ ስረዳ ቆይቻለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የማኅበሩ ስልክ ተለወጠ። አዲሱ ቁጥር በመነሻው ገጽ ላይ ወዲያው ገባ፤ ሁላችንም ነገሩ አለቀ ብለን ወደየሥራችን ሄድን። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ለቀብር እርዳታ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ሙሉ በአሮጌው ቁጥር ሲደውሉ መክረማቸውን ሰማን። ቁጥሩን ያገኙት ከዓመታት በፊት ከተጻፈ ዜና ግርጌ ነበር። ስንፈትሽ አሮጌው ቁጥር ከአርባ በላይ ገጾች ላይ ተገኘ። አዲስ ገጽ በተዘጋጀ ቁጥር የአድራሻው ሳጥን ከአንዱ እየተቀዳ ሌላው ላይ ይለጠፍ ስለነበር አንዱን ማረም ለሌላው ምንም አልፈየደም።

እስካሁን የሚቆጨኝ መፍትሔው እዚያው እጃችን ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በወጣው 5.0 እትሙ አንቀጹንም፣ ፎቶውንም፣ በተኑንም ለየብቻው ብሎክ አድርጎ የሚይዝ ኤዲተር አመጣ። በ2020 ደግሞ በ5.5 እትም ፓተርን የሚባለው ተጨመረ። ፓተርን ማለት አንድ ላይ ተቀናጅተው የተቀመጡ ብሎኮች ናቸው፤ አንዴ ከተነደፉ በኋላ በማንኛውም ገጽ ላይ በአንድ ክሊክ ይገባሉ። እኔ በአማርኛ ጥለት እላቸዋለሁ። ሸማኔ በአንዱ ነጠላ ላይ ያወጣውን ጥለት በሌላውም እንደሚደግመው ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ያለን አይመስለኝም።

ጥለት ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው እንደ ማኅተም ነው። ወረቀቱ ላይ ከታተመ በኋላ ማኅተሙን ብትቀይሩት የታተመው ወረቀት አይለወጥም። ገጹ ላይ የገባው ቅጂ ከመነሻው ጋር ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ እንደፈለጉ ያስተካክሉታል። ሁለተኛው ሲንክድ ፓተርን የሚባለው ነው። ይህ ደግሞ በር ላይ እንደተሰቀለ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ መቶ ሰው ቢያየውም ሰሌዳው አንድ ነው። በየገጹ የሚቀመጠው ሳጥኑ ራሱ ሳይሆን የሳጥኑ መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ዋናውን አንድ ጊዜ ማረም የትም ያለውን ያርማል። እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ይህኛው ሪዩዘብል ብሎክ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ በወጣው 6.3 እትም ግን ሁለቱም ፓተርን ተባሉ፤ የሚለያቸው ሲፈጠሩ የምትነካ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሆነች። የአድራሻችን ሳጥን ያቺ ነገር በርታ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ እኚያ እናት ሦስት ቀን ባልተንገላቱ ነበር።

እንዲህ ስል ሁሉም ነገር ሲንክድ ይሁን ማለቴ አይደለም። በተለይ የዜናና የአስተያየት ድረ ገጾች እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። በአስተያየት ጽሑፎች ላይ «ከአዘጋጁ» ተብሎ የሚሰፍረውን፣ ጽሑፉ የጸሐፊውን አቋም ብቻ እንደሚያንጸባርቅ የሚገልጸውን ማስታወሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን ሲንክድ ማድረግ ይቀላል። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ የዝግጅት ክፍሉ ፖሊሲ ተለውጦ ማስታወሻው ሲታረም፣ ትናንት በሌላ ደንብ የወጣው ጽሑፍም ዛሬ የወጣ ይመስላል። ስለ ጸሐፊው የሚነገረው ሁለት መስመርም እንዲሁ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ባለሥልጣን ቢሆኑ፣ አሮጌው ጽሑፍ ግርጌ ላይ አዲሱ ሹመት ይታያል፤ አንባቢም ሰውዬው ያንን የጻፉት በሥልጣን ላይ ሆነው ነው ብሎ ይረዳል። ማኅደር እንዲህ በስውር መለወጥ የለበትም። ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የቢሮ ሰዓት ምንጊዜም የዛሬው መሆን አለበት፤ ሲንክድ ይሁን። በዕለቱ እውነት የነበረው ግን በማኅተሙ ዓይነት ይግባና እንደታተመ ይቆይ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ በጁላይ 2024 የወጣው 6.6 እትም ሞልቶታል። የሲንክድ ጥለት ቅርጹ በሁሉም ገጽ አንድ ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ፎቶ ወይም በተን ገጽ በገጽ እንዲለያይ መፍቀድ ይቻላል። ለስብሰባ ጥሪ የተመቸ ነው፦ ቀኑና ቦታው የየገጹ፣ አቀማመጡ የጋራ።

አንድ አደጋም አለ። ሲንክድ ጥለትን ከዝርዝሩ ያጠፋ ሰው በየገጹ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ አንባቢው ባዶ ቦታ ብቻ ያያል። በየስድስት ወሩ በጎ ፈቃደኛ የሚቀያየርበት ማኅበር ውስጥ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። እኛ ለጥለቶቻችን ስም የምናወጣው በአማርኛ ነው። «የማኅበሩ አድራሻ፣ እዚህ ከታረመ ሁሉም ጋ ይታረማል» የሚል ስም ረጅም ቢሆንም፣ ያነበበው ሰው እጁን ይሰበስባል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከዎርድፕረስ የጥለት ማውጫም ሆነ ከቴሞች፣ ማለትም የድረ ገጹን አጠቃላይ መልክ ከሚወስኑት ዝግጁ ንድፎች፣ ጋር የሚመጡት ዝግጁ ጥለቶች ውብ ናቸው፤ አብዛኞቹ የተነደፉት ግን ላቲንን በማሰብ ነው። ከዋናው ርዕስ በላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በካፒታል ያደርጓትና ፊደላቱን ያራርቋቸዋል። ግዕዝ ካፒታል የለውም፤ የሚቀረው መራራቁ ብቻ ነው፤ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ተበታትኖ ስድስት ቃል ይመስላል። ጥቅስን ዘንበል ባለ ፊደል ያስቀምጣሉ፤ ፊደላችን ለዚያ የተሳለ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያጋድመዋል። ርዕሶቻቸው መስመር ከመስመር የተጠጋጉ ናቸው፤ የእኛ ፊደላት ቁመታቸው ወደ ላቲን ካፒታል የቀረበ በመሆኑ ሁለት መስመር ርዕስ ጥቅጥቅ ብሎ ዓይን ያደክማል። ሦስት ጠባብ ዓምዶችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ «እንዲያስተላልፉላቸው» የሚል ቃል አንድ መስመር ለብቻው ይወስዳል። የተመረጠው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ደግሞ ቁጥሩ በአንድ መልክ፣ ቃሉ በሌላ መልክ ይመጣል። እንዲህ ያለ ገጽ ያየ አንባቢ ምክንያቱን ለይቶ ባይናገርም፣ አማርኛው በሰው ቤት በእንግድነት የገባ ይመስለዋል።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከወጣው 6.5 እትም ጀምሮ በብሎክ ቴም (ሁለመናው በብሎክ በተዋቀረ ቴም) ለተሠራ ድረ ገጽ ፎንትን ከኤዲተሩ ሳይወጡ መጫን ይቻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ። እነሱን ጭኖ፣ የፊደላቱን መራራቅ ወደ ዜሮ መልሶ፣ የመስመሩን ክፍተት ሰፋ አድርጎ፣ ጥቅሱን በማጋደም ፈንታ ከጎኑ ወፍራም መስመር ሰጥቶ አምስት ስድስት ጥለት መንደፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጥለቱ እንደ ፋይል ወጥቶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ስለሚጫን፣ አንዱ ማኅበር የሠራው ለሌላውም ይደርሳል።

ስለዚህ ለአማርኛ ድረ ገጽ ሠሪዎች ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሥራውን ስታስረክቡ ከይለፍ ቃሉ ጋር በግዕዝ ጽሑፍ የተፈተኑ ጥለቶችንም አስረክቡ፤ ዋጋውንም ሒሳባችሁ ላይ ጨምሩት። አሠሪዎችም ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ስልካችን ቢለወጥ ስንት ቦታ ነው የምናርመው?» ብላችሁ ጠይቁ።