አውቶቡስ ማን ይቆልፋል?

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ አውቶቡስ ገዛ። ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ስልክ በቃው። አክስቴ "ልጄ አውቶቡስ ገዛ" ብላ ለሰፈሩ ስታወራ አንድ ቃል አልዋሸችም፤ ሰፈሩ ግን የሰማው ሌላ ነው። በማግስቱ የደሴን መስመር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሹፌር አገኘሁልሽ ያላት ሰው መጣ። ለረዳትነት የሚሆን የእህት ልጅ አለኝ ያለም አልጠፋ። ልጇ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ሊዘረጋበት መሆኑን ለጎረቤት እንዴት ብላ ታስረዳ? "አሜሪካ ድረስ ሄዶ አውቶቡስ ውስጥ ማደር!" የምትለውን ለእኔ ብቻ በስልክ ትተነፍሰዋለች።

ነገሩ እዚህ አሜሪካ ብርቅ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ያረጁ አውቶቡሶቻቸውን በጨረታ ይሸጣሉ፤ የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው ሰው ይገዛና ወንበሩን አውጥቶ ምድጃና አልጋ ያስገባበታል። ቢጫው ቀለም እ.ኤ.አ. በ1939 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ የተመረጠ የተማሪ ማመላለሻ ምልክት ስለሆነ፣ ተማሪ መጫን ያቆመ አውቶቡስ ቀለሙን እንዲለውጥ የሚያስገድዱ ግዛቶች ብዙ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከላይ ጀምሮ አረንጓዴ ቀባው። ገና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወዳጆቹ አስቆሙት፤ ቢጫው መሐል ላይ ይቅርና ከታች ቀይ ብቻ ጨምርበት አሉት። ከዚያ በኋላ የትኛው ዓርማ ይሁን የሚል ክርክር ሊነሳ መሆኑ ስለገባው፣ ሌሊቱን ተነስቶ ሁሉንም አረንጓዴ አድርጎ ጨረሰው።

ጣጣው የመጣው በሩ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት አውቶቡስ የፊት በር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚቆለፍበት ነገር የለውም። ሁለት ክንፍ ሆኖ ይታጠፋል፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ በእጅ ማንሻ ወይም በአየር ግፊት ይከፍተዋል። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት ጠርዝ ጎማ ስለሆነ ጣት ይገባበታል። የሠሩት ሰዎች እንቅልፍ ያጡት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እሳት ቢነሳ ሕፃኑ በየት ይወጣል? ስለዚህ ከኋላ የአደጋ በር፣ ከጎን ተገፍተው የሚከፈቱ መስኮቶች፣ ከጣሪያ መውጫ አበጁለት። የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 217 ደግሞ የባሰበት ነው። ከአደጋ መውጫዎቹ አንዱ ያለ ቁልፍ እንዳይከፈት ተደርጎ ከተቆለፈ የተማሪ አውቶቡሱ ሞተር መነሳት የለበትም ይላል። የኋላው በር እጀታ ትንሽ ሲላወስም የሚጮህ ነገር ሹፌሩ ጆሮ ሥር ተገጥሟል።

እኛ ያደግነው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ስንጠይቅ ነው፤ ሌባ በየት ይገባል? አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ብረት፣ የቆርቆሮው በር ላይ መወርወሪያ፣ መወርወሪያው ላይ ጓጉንቸር፣ ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ ዘበኛ። ዘበኛው አዲስ ከሆነ እሱን የሚጠብቅ የቆየች ሠራተኛ ትኖራለች። ከዚህ ሁሉ ብረት ጀርባ ተኝተን እሳት ቢነሳ በየት እንደምንወጣ የጠየቀ ሰው በበኩሌ አላጋጠመኝም። እሳት እንደሆነ ንብረት ተሸክሞ አይሮጥም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ አውቶቡስ በር ላይ ተገናኙ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሰው ሞላ። ዕቃ ለማገዝ የተጠራ አንድም የለም፤ ምክር ለመስጠት ግን ሳይጠራ የቀረ የለም።

መጀመሪያ የተናገረው ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን ነው። የቤት በር ላይ የሚገጠመውን ቁልፍ ገዝቶ፣ ትራፓኖውን ከነሳጥኑ ይዞ መጣ። ያ ቁልፍ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የቀዳዳው መሐል ከበሩ ጠርዝ 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። የአውቶቡሱ በር አሉሚኒየም ፍሬም ሦስት ጣት አይሞላም፤ ከዚያ ወዲያ መስታወት ነው። ወዳጃችን ትራፓኖውን መስታወቱ ላይ ሲያነጣጥር ግማሹ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት አንድ ቦታ ከተበሳ ሁሉም በአንዴ ነው የሚረግፈው። ትራፓኖው ለጊዜው ሳጥኑ ውስጥ ተመለሰ።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ባለሙያው ቁጥር እየተነካ የሚከፈት ቁልፍ አቀረበ። ባትሪው ሲያልቅስ ተባለ። ሲያልቅ በስልክ ይከፈታል አለ። ስልኩስ ውስጥ ቢቀር? "ስልኩን ውስጥ ትቶ ምን ያደርጋል ውጭ?" ብሎ ተቆጣ፤ ሐሳቡም በዚሁ ተዘጋ።

አዲስ አበባ ሳሉ ጋራዥ የነበራቸው ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ "በሩ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ቅደዱለት። ሰንሰለት አሳልፉበት፤ ጓጉንቸሩን ከፈለገ ከውስጥ ከፈለገ ከውጭ ይቆልፈዋል" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ከቀረቡት ሁሉ ጥያቄው የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አገር ቤት የግቢ በር ላይ ያለችው ያቺ የእጅ ቀዳዳ ለገባም ለወጣም እኩል የምታገለግል ናት፤ የሜሪላንድን ብርድ ከእጅ ጋር ማስገባቷ ብቻ ነው ጥፋቷ።

በመጨረሻ አብዛኛው ሰው የተስማማበት ከውጭ ማጠፊያ ብረት በይዶ ወፍራም ጓጉንቸር ማንጠልጠል ነበር። ርካሽ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ያስፈራል። እዚህ ላይ እስካሁን ቡና ሲያፈሉ የነበሩት እትዬ ቀና ብለው፣ "እሱ ውስጥ ሲተኛ ከውጭ ማን ይቆልፍለታል?" አሉ።

ዝም አልን። ይኼኔ ሐሳቡ ይጣላል ብሎ የጠበቀ ሰው የእኛን ስብሰባ አያውቅም። ወዲያው ውይይቱ ማን ይቆልፍለት ወደሚለው ዞረ። ባለ ታክሲው ማታ ስለሚሠራ ሲያልፍ ሊቆልፍለት ቃል ገባ። ጠዋት ማን እንደሚከፍት ተራ ሊወጣ ሲል የአክስቴ ልጅ ራሱ፣ "ታዲያ ይሄ እስር ቤት እንጂ ምኑ ቤት ነው?" ብሎ ተነሳ። እትዬ ግን አልጨረሱም ነበር። ጓጉንቸር ከውጭ የተንጠለጠለበት በር ባለቤቱ የለም ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል፤ ደግሞም ክፉ ሰው ቢመጣ ቁልፍ ሳይሰብር የራሱን ጓጉንቸር ጨምሮ ሊያግትህ ይችላል አሉ። ከቡናው ጋር ይህን ያህል ነገር ሲያፈሉ ኖረዋል።

የተሠራው እንዲህ ነው። ጋሼ መስታወቱን አስወልቀው ሁለቱን ክንፎች በብረት አያያዙና አንድ በር አደረጓቸው፤ በአንድ በኩል ማጠፊያ ሰጡት። ቁልፉ የሱቅ መስታወት በሮች ላይ የሚገጠመው ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ ለጠባብ አሉሚኒየም ፍሬም ተብሎ የተሠራ፣ ምላሱ ዞሮ ወጥቶ የሚቆልፍ። ከውጭ በቁልፍ ይከፈታል፤ ከውስጥ በጣት ማዞር ይበቃል። ይህች የጣት ማዞሪያ ለእኔ የሥራው ሁሉ ቁንጮ ናት። ሌሊት ጭስ ቢሸት ቁልፍ የት ጣልኩ ብሎ ትራስ ሥር የሚዳብስ ሰው አይኖርም። የኋላው በር ግን እንደነበረ እንዲቀር ተወሰነ፤ ጩኸቱም አልተነቀለም። ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ የማይጮህ ስለሆነ ለሌባ ምንም አይጠቅምም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም መኖሩን እናውቃለን።

በሩ ግን አመል አወጣ። አውቶቡስ ረጅም ነው፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቆም አካሉ ትንሽ ይጠመዘዛል፤ በሩ ቦታውን ይስታል፤ የቁልፉ ምላስ ቀዳዳውን ያጣዋል። ጋሼ ቀዳዳውን በሞረድ አሰፉለት፤ ባለቤቱም በዳሌው ገፋ አድርጎ መቆለፍ ለመደ። አሁን መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው መሬቱ ልክ መሆኑን ነው፤ ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ የሚለው በኋላ ይመጣል።

ከሆዱ ሥር ያሉት የዕቃ ሣጥኖች ጉዳይም ነበር። ለእነሱ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች በኢንተርኔት አዝዞ ገጠመ። አንድ ቀን ድንኳንና ተጎታች ቤቶች የሚያርፉበት ሜዳ ላይ ቁልፉ ጠፋው ብሎ ሲንቆራጠጥ፣ አጠገቡ ያረፉ ጡረተኛ አሜሪካዊ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ሣጥኑን ከፈቱለት። ሲ ኤች 751 የተባለው ቁልፍ ለብዙ ተጎታች ቤቶች ሣጥን አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመጣ ነው፤ እንደ እድር ድንኳን የጋራ ነው። ሽማግሌው እንዲያውም ትርፍ ሰጡት።

ዋናው በር ግን የራሱ ቁልፍ ነው፤ ከሱ በቀር የሚከፍተው የለም። ማለቴ፣ አልነበረም። እትዬ "አንድ ነገር ብትሆንስ?" ብለው ቅጂ ወሰዱ። ጋሼ የሠሩትን በር ያለ ቁልፍ መተው አልሆነላቸውም። የንስሐ አባቱ ጠበል ለመርጨት ሲመጡ እሱ ሥራ ላይ ነበርና ለእሳቸውም ተቀረጸ። ባለ ታክሲው ቃል ገብቶ የነበረ ሰው ነው፤ ሳይሰጠው ቢቀር ይቀየማል። የኮምፒውተር ባለሙያው አልጠየቀም፤ ግን ሁሉም ካላቸው እሱ ምን በደለ?

እስከ ዛሬ በሩን የሰበረ ሌባ የለም። ሲመለስ አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ያገኛል፤ በርበሬ ሲያልቅበት ሳይናገር ይሞላል። አንድ ጊዜም አልጋው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የማያውቀው እንግዳ ተኝቶ አግኝቷል። ባለ ታክሲው ሆቴል ውድ ነው ብሎ አስገብቶት ነው። የጠፋው ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ታክሲው ለመታሰቢያ እዚያው የተወለት ትራፓኖ። "ለሁለት ቀን ነው የወሰድኩት" የሚል ወረቀት በቦታው ተቀምጧል፤ የማን ጽሕፈት እንደሆነ አልታወቀም። የአክስቴ ልጅ አሁን ሌላ ሁለተኛ ቁልፍ ገዝቷል፤ ማንም ቅጂ የሌለው። ለመግጠም ግን ትራፓኖው እስኪመለስ እየጠበቀ ነው።