የተቆላው በር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሃምቡርግ አንድ ሱቅ ገብቼ «ይርጋጨፌ» የሚል የቡና ከረጢት አነሳሁ። ሩብ ኪሎ ነው። ጀርባውን ሳነብ የተቆላው እዚሁ ሃምቡርግ ነው። አብሮኝ የነበረው ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ቡናችሁን ያለ ቀረጥ ማስገባታችን ሳይጠቅማችሁ አይቀርም» አለኝ። በቅንነት ነው የተናገረው። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር የድሃ አገሮችን ምርት ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባል። እኛም አለንበት። ነገር ግን ጥሬ ቡና ላይ ቀረጥ የሚከፍል አገር የለም፤ የብራዚሉም የቬትናሙም በዜሮ ነው የሚገባው። ታዲያ ለእኛ ምን ተለየልን? የተለየልን የተቆላው ላይ ነው። ስምምነትም ልዩ ቅናሽም የሌለው አገር 7.5 በመቶ ሲከፍልበት እኛ ምንም አንከፍልም። እኛ ደግሞ የምንልከው ጥሬውን ነው!

አገር ቤት እኮ ቡና መቁላት ማን ያቅተዋል? እናቴ በብረት ምጣድ ስትቆላ ጎረቤቱ በጭሱ ነው የሚጠራው። ከረጢቱን በስልክ ሳሳያት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ቆላው?» ብላ ነው።

አዲስ አበባ ቆልቶ ለመላክ የሚታገል ጓደኛ አለኝ። ቀረጥ አይደለም ያስቸገረው። አየር እንዳያስገባ ሆኖ የሚታሸግበትን ከረጢት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። በመርከብ ቢልከው መዓዛው መንገድ ላይ ይጠፋል፤ በአውሮፕላን ቢልከው ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። እዚህ ሲደርስ ደግሞ የጀርመን መንግሥት በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ይጠብቀዋል። ግብሩን ቡና የሚቆሉ የጀርመን ድርጅቶችም ይከፍሉታል፤ አድልዎ አይደለም። ግን ሃያ ኪሎ ለመሞከር ያሰበ ባለ ሱቅ የግብሩን ወረቀት ሲያይ ይተወዋል።

ጽጌረዳ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬንያና ጎረቤቶቿ ከኅብረቱ ጋር የሚያደርጉት የንግድ ስምምነት በጊዜው ስላላለቀ ለሦስት ወር ያህል የኬንያ አበባ ቀረጥ ተጣለበት፤ ነጋዴዎቿ ጮኹ። እዚያ ነፃ መግባት በእጅ የሚዳሰስ ጥቅም ነው። በቡና ግን የተከፈተልን በር ሃያ ዓመት አልፎት አሁንም በጥሬው በር ነው የምንገባው። ባንኩ ለጥሬ ቡና ላኪ እንደሚያበድረው ለሚቆላው ለምን አያበድርም? ከረጢቱስ ለምን አገር ውስጥ አይመረትም?

ጓደኛዬ ሌላ ናሙና ልኮልኛል። እዚህ ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰኞ ይዤው እመጣለሁ። የግብሩን ወረቀት አብረን እንሞላለን።